የማን ወገን ነዎት?

በአገራችን ክረምት ሲባል ሰማዩ ይጠቍራል፤ ወንዙ ይሞላል፤ ተማሪውም ደብተሩን ሰቅሎ በየቤቱ ይከተታል። በሰሜን አሜሪካ ግን ሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ የሚበረታባቸው፣ ብርሃኑም እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ድረስ የሚቆይባቸው ወራት ናቸው። ይህን ወቅት «በጋ» ብለን ብንተረጕመው ጥርንና የካቲትን ያሳስበናል፤ «ክረምት» ብንለው ደግሞ አንባቢው ጃንጥላውን ፍለጋ ይነሣል። ስለዚህ ከዚህ በታች «በጋ» የምለው የእነርሱን የፀሐይ ወራት መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ። የውጭ አገር መጻሕፍትንና ፊልሞችን ዘመንም የምጠቅሰው በፈረንጅ አቈጣጠር ነው።

ይህን ያህል ስለ ወቅት መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም። በአሜሪካ ለወጣቶች የሚጻፈው የፍቅር ልብ ወለድ ከነዚሁ ወራት ጋራ የተጣበቀ ነውና። ድርሰት ሰዓት ይፈልጋል፤ ባለታሪኮቹ ጊዜ ሞልቶ ከተረፋቸው የሚያስቸኵላቸው ነገር አይኖርም፤ እነርሱ ካልቸኰሉ ደግሞ አንባቢው መጽሐፉን አጥፎ ይተኛል። የአሜሪካ ተማሪ ትምህርት ቤቱ ከተዘጋበት ቀን አንሥቶ እንደ ገና እስኪከፈት ድረስ የሚኖረው፣ እንደኛ ጳጕሜን፣ ከወራቱ ተርታ ወጣ ባለ ጊዜ ውስጥ ነው። ደወል የለም፤ መምህር የለም፤ አቅም ያለውም ቤተ ሰብ ከመኖሪያው ተነሥቶ ማንም ወደማያውቀው የባሕር ዳርቻ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ የተጀመረ ፍቅር የሚፈተንበት ቀን አስቀድሞ የታወቀ ነው። ደራስያኑ ይህን ያውቃሉ፤ አውቀውም ይሠሩበታል።

እኔን ወደዚህ ነገር ያስገባችኝ የክርስትና ልጄ ናት። ዕድሜዋ 16 ዓመት ነው፤ የምትኖረውም ከወላጆችዋ ጋራ በሜሪላንድ ነው። በ2017 ዓ.ም. ሐምሌንና ነሐሴን እነርሱ ዘንድ ሳሳልፍ፣ በአልጋዋ ራስጌ ሽፋናቸው ከመነበብ ብዛት የታጠፈ ሦስት መጻሕፍት አየሁ። እናትዋ ከእኔ አስቀድማ አይታቸው ኖሮ፣ በወጥ ቤት ለብቻችን ስንሆን፥

«እባክሽ አንቺ ንገሪያት፤ እኔን አልሰማ ብላለች። አንዲት ልጅ ለሁለት ወንድማማቾች! ይህ ምን ትምህርት ሊሆናት ነው? ሰብስቤ ልጥላቸው ቈርጫለሁ» አለችኝ።

«ጥቂት ቀን ታገሺኝ፤ ሳላነብ ምን ልናገር?» አልኋት።

እሷም ታገሠችኝ። ለመቈጣትዋ ግን ከመጻሕፍቱ ሌላ ምክንያት ነበራት፤ እርሱን ኋላ እደርስበታለሁ።

የሦስቱ መጻሕፍት ደራሲ ጄኒ ሃን ትባላለች። ከኮሪያ ወደ አሜሪካ ከሄደ ቤተ ሰብ በ1980 በቨርጂኒያ የተወለደች ናት። የመጀመሪያውን መጽሐፍ በ2009፣ ሁለተኛውን በ2010፣ ሦስተኛውን በ2011 አሳተመች። የመጀመሪያው መጽሐፍ ስም ወደኛ ቋንቋ ቢመለስ «ያማርሁበት በጋ» እንደ ማለት ነው። ባለታሪክዋ ኢዛቤል ናት፤ ቤተ ሰቦችዋ ግን ቤሊ ይሏታል። ከተወለደች ጀምሮ በየዓመቱ በበጋ ከእናትዋ ከሎረልና ከወንድምዋ ጋራ ወደ እናትዋ የልብ ወዳጅ ወደ ሱዛና የባሕር ዳርቻ ቤት ትሄዳለች። ቤቱ ያለበት ስፍራ «ከዝንስ» ይባላል፤ በካርታ ፈልጋችሁ አታገኙትም፤ ደራሲዋ የፈጠረችው ነው። ሱዛና ሁለት ወንዶች ልጆች አሏት፤ ታላቁ ኮንራድ ዝምተኛና ኵሩ ነው፤ ታናሹ ጀረማያ ሣቂና ተጫዋች ነው። ቤሊ 16 ዓመት በሚሞላት በጋ፣ እንደ ታናሽ እኅት ያዩዋት የነበሩት ልጆች በሌላ ዓይን ያዩዋት ጀመር። እርስዋ ከልጅነትዋ አንሥቶ የወደደችው ታላቁን ነው፤ የልቡን ገልጦ የሚነግራት ግን ታናሹ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው የተለመደ ነው። ነገሩን ከተለመደው የሚያወጣው የሱዛና ሕመም ነው። ሱዛና ካንሰር ተመልሶባት ኖሯል፤ ቤሊም ስለ ራስዋ መልክና ስለ ልጆቹ አስተያየት ስታስብ በቤቱ ውስጥ የሚሆነውን ያወቀችው ዘግይታ ነው። በሁለተኛው መጽሐፍ ሱዛና ሞታለች፤ የባሕር ዳርቻውም ቤት ሊሸጥ ነው። በሦስተኛው ቤሊ ኮሌጅ ገብታ የታናሹ እጮኛ ትሆናለች። እናትዋ ጋብቻውን ትቃወማለች፤ ሠርጉም በመጨረሻው ሰዓት ይፈርሳል፤ ከዓመታት በኋላ ታላቁን ታገባለች። መጨረሻውን በመግለጤ ወጣቶች አንባቢያን ያዝኑብኝ ይሆናል፤ ነገር ግን ታትሞ ከወጣ ከዐሥር ዓመት በላይ የሆነው ነገር ምስጢር ሊባል አይችልም።

ታሪኩ በአማዞን አማካይነት ተከታታይ ፊልም ሆኖ በ2022፣ በ2023ና በ2025 ታየ። በፊልሙ ላይ የቤሊ እናት የኮሪያ ተወላጅ ሆና መቅረብዋ ለስደተኛ ልጆች አንድ ትርጕም ሳይኖረው አልቀረም፤ የክርስትና ልጄም ይህንኑ ነገር ሁለት ጊዜ አንሥታልኛለች። የመጨረሻው ክፍል ከጁላይ 16 እስከ ሴፕቴምበር 17 ቀን 2025 በየረቡዑ ይወጣ ስለ ነበር፣ በእንግድነት በቈየሁባቸው ሳምንታት ረቡዕ ማታ በዚያ ቤት እንደ በዓል ዋዜማ ይጠበቅ ነበር። ተመልካቹ በሁለት ወገን ተከፍሏል፤ የኮንራድ ወገንና የጀረማያ ወገን። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በ2005 «ትዋይላይት» የተባለው መጽሐፍ ከወጣ በኋላም አንባቢዎቹ ስለ ሁለቱ ጐልማሶች እንዲሁ ተከፍለው፣ የወገናቸው ስም የተጻፈበት ካናቴራ እየለበሱ ይሄዱ ነበር። ይሁን እንጂ በ2025 ጠቡ ከመብዛቱ የተነሣ፣ ተዋንያኑን እንዳይሰድቡ የፊልሙ ባለቤቶች ለተመልካቾች ማሳሰቢያ እስከማውጣት ደርሰዋል።

የክርስትና ልጄ አንድ ረቡዕ ማታ ወደ እኔ ዘወር ብላ፥ «እትዬ፣ እርስዎ የማን ወገን ነዎት?» አለችኝ። (እናትዋ አስተምራት «እርስዎ» ትለኛለች፤ ስትቸኵል ግን «አንቺ» ያመልጣታል፤ አልቀየምም።)

«የሱዛና» አልኋት።

«እንዲህ አይባልም! ከሁለቱ ነው የሚመረጠው» ብላ ሣቀች።

እኔ ግን የመለስሁላት በቀልድ አልነበረም። ይህን መጽሐፍ ላይ ላዩን ያነበበ ሰው ሽማግሌ የሌለበት፣ አንዲት ልጅ ያለ መካሪ ልብዋን የምትከተልበት ታሪክ ይመስለዋል። ጠጋ ብሎ ላየው ግን፣ ቤሊ ከወንዶች ልጆችዋ ለአንዱ እንደምትሆን ሱዛና ከልጅቱ ሕፃንነት ጀምሮ ስትመኝና ስትናገር ኖራለች። በኛ ዘንድ ሁለት ወዳጆች ልጆቻቸው ገና ሳያድጉ ለመዛመድ ቃል ይገባቡ እንደ ነበረ ሁሉ፣ የአሜሪካንዋም እናት በልብዋ አጭታ ነበር። ልዩነቱ፣ ለማንኛው ልጅ እንደ ሆነ አለመወሰንዋ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች የሚሻሙት ልጅቱን ብቻ አይደለም፤ የሟች እናታቸው ምኞት በእኔ ይፈጸማል ሲሉ እናታቸውንም ይሻሙባታል። ደራሲዋ ይህን ረጋ ብላ ብትቈፍረው ኖሮ መጽሐፍዋ እጅግ በከበደ ነበር። እርስዋ ግን ፍንጩን ሰጥታን ወደ መዋኛው ገንዳ ትመለሳለች።

የበጋ ፍቅር በመጽሐፍ ሲነገር ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ስለ ወጣቶች ሥነ ጽሑፍ ታሪክ የሚመረምሩ ብዙ ሰዎች መነሻ አድርገው የሚቈጥሩት «የአሥራ ሰባተኛው በጋ» የተባለው መጽሐፍ በ1942 ነው የታተመው። ደራሲዋ ሞሪን ዴሊ በ1921 በአየርላንድ ተወልዳ በዊስኮንሲን በፎን ዱ ላክ ከተማ ያደገች ስትሆን፣ የጻፈችውም ገና የኮሌጅ ተማሪ ሳለች ነው። አንጂ የተባለች የ17 ዓመት ልጅ በዚያችው ከተማ የዳቦ ቤት ልጅ የሆነውን ጃክን ታውቃለች፤ በሐይቁ ላይ በባለ ሸራ ጀልባ ይንሸራሸራሉ፤ በጋው ሲያልቅ እርስዋ ለትምህርት ወደ ቺካጎ፣ እርሱ ወደ ኦክላሆማ ይሄዳሉ። ይኸው ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ጃክ ከአንጂ ቤተ ሰብ ጋራ በማዕድ የሚቀርብበት ክፍል ነው። ልጁ አይስክሬም ሲበላ ማንኪያው ከጥርሱ ጋራ ይጋጫል፤ አንጂም በእኅቶችዋና በእናትዋ ፊት በእፍረት ትቀልጣለች። እንግዲህ አስቡት፤ ሳምንታት ሙሉ በጨረቃ ብርሃን ያማረው ልጅ በአንዲት ማንኪያ ድምፅ ምክንያት ሌላ ሰው ሆኖ ይታያታል። ይህን የጻፈች ልጅ ሰውን አይታለች።

ከእርስዋም በፊት ሩሲያዊው ቱርጌኔፍ በ1860 «የመጀመሪያ ፍቅር» የተባለውን አጭር ታሪክ አሳትሟል። የ16 ዓመት ልጅ ቭላዲሚር በ1833 በጋ ከወላጆቹ ጋራ ከሞስኮ ዳር ባለ ቤት ሲያሳልፍ፣ ጎረቤት የመጣችውን የ21 ዓመት ወጣት ዚናይዳን ይወዳል። በዙሪያዋ ሐኪሙ፣ ባለ ቅኔው፣ ወታደሩ ይሽከረከራሉ። ልጁ እርስዋ ከነዚህ ለሌላ ሰው ልብዋን እንደ ሰጠች ጠርጥሮ፣ ተቀናቃኙን ሊይዝ ቢላዋ በእጁ ይዞ በሌሊት በአትክልቱ ውስጥ ይሸምቃል። የመጣው ሰው አባቱ ነው። ቢላዋው ከእጁ ይወድቃል።

ከሁለቱ አሮጌ መጻሕፍት ጋራ ሳስተያያቸው ነው የአዲሶቹ አንድ ጉድለት ጐልቶ የታየኝ። ቱርጌኔፍ አንባቢውን አይረዳውም። አባትየውን ክፉ አድርጎ ቢሥለው ልባችን ባረፈ ነበር፤ እርሱ ግን አባቱን እያደነቀ ያደገ ልጅ ሆኖ ይተርክልናል፤ ልጁም በአባቱ ላይ አይፈርድም። ዴሊም ጃክን አታጠፋውም፤ ማንኪያውን አሰምታን መልሳ ታስወድደናለች፤ ተለያዩ ስትልም ጥፋተኛ አትፈልግም። ጄኒ ሃን ግን ሁለት መልካም ወንድማማቾችን ሁለት መጽሐፍ ሙሉ በሚዛን ላይ ካቈየች በኋላ፣ በሦስተኛው ሚዛኑን በጣትዋ ትጫነዋለች፤ ታናሹ ከሌላ ልጅ ጋራ እንደ ተኛ ይነገረናል። ከዚያ ወዲያ አንባቢው ታናሹን ለመተው አያዝንም። የባለ ሦስት ማዕዘን ፍቅር መጻሕፍት ብዙዎቹ በዚሁ ብልሃት ያልቃሉ፤ የማይመረጠው ሰው በመጨረሻው ላይ አንድ በደል ይገኝበታል። ደራሲውን ከጭንቅ ያወጣዋል፤ ለአንባቢዋ ልጅ ግን ነገሩን ያሳስትባታል። በኑሮ ላይ የማይመረጠው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምንም አላጠፋም።

በእኛ በኩል ያለውን ስናይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ሰብለ ወንጌል የምትመርጠው ነገር የላትም፤ አባትዋ ፊታውራሪ መሸሻ ጠያቂውን ሁሉ በዘር እየመዘኑ ሲመልሱ የጋብቻዋ ዕድሜ ያልፋል። ሰብለ ወንጌል ምርጫ አጥታ ስትቸገር፣ ቤሊ ከመምረጥ በቀር ሌላ ሥራ አጥታ ትቸገራለች። ይህን ለክርስትና ልጄ ነገርኋትና፣ «ቤሊ ከሁለቱ ልጆች ሌላ የምትወደውን ነገር ቍጠሪልኝ» አልኋት። አሰበች። «ቮሊቦል» አለች። ጥቂት ቈይታም፣ «ግን እርሱ በፊልሙ ነው» አለች።

አሁን እናትዋን ወዳስቈጣው ነገር ልግባ። የክርስትና ልጄ ከሕፃንነትዋ ጀምሮ በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት አብረዋት ያደጉ፣ እርስ በርሳቸውም የማይለያዩ ሁለት ልጆች አሉ። ከሁለቱ አንደኛው በዚያ በጋ ወዳጅዋ ሊሆን እንደሚፈልግ በጽሑፍ ነገራት። የእርስዋ ልብ ደግሞ፣ ከነገረችኝ እንደ ተረዳሁት፣ ያዘነበለው ወደ ሁለተኛው ነው፤ ያም ምንም አላላትም። መልስ ሳትሰጥ ሦስት ሳምንት አለፋት። በነዚያ ሳምንታት ውስጥ፣ በዚያ ቤት እንደ ልጅ የሚቈጠረውን፣ ከእናትዋ እጅ እየተጐረሰ ያደገውን ልጅ መንቀፍ ጀመረች። ሣቁ ይጮኻል አለች። አማርኛው ያስቃል አለች፤ የእርስዋም ከርሱ የተሻለ አይደለም። ቤት ሲመጣ ወደ መኝታ ቤትዋ ትገባ ጀመር። እናትዋ የምታየው ልጅዋ ያለ ምክንያት ሰው ስትጠላ ነው፤ ምክንያቱን ፍለጋ ስትሄድ ያገኘችው ደግሞ እነዚያን ሦስት መጻሕፍት ነው።

መጻሕፍቱ ይህን ፍቅር አላመጡትም፤ ልጆች ያድጋሉና። ጥፋት ፍለጋውን ግን ከዚያ የተማረችው ይመስለኛል። አንድ ማታ ከቤቱ ደጃፍ ደረጃ ላይ ተቀምጠን ሳለን ስለ ዴሊ መጽሐፍና ስለዚያች ማንኪያ አጫወትኋት። ሣቀች፤ ወዲያውም ዝም አለች።

«እትዬ፣» አለችኝ፣ «እርሱ መጥፎ ቢሆን ኖሮ እኮ ቀላል ነበር።»

«አዎን፣ ቀላል ነበር።»

«ምን ብዬ ነው እንግዲህ እንቢ የምለው?»

የምታጠናው ንግግር አልሰጠኋትም። የሰው ቃል ተውሳ ብትሄድ ልጁ ያውቅባታል። ያልኋት ይህን ብቻ ነው፤ ምንም እንዳላጠፋ ይስማ፤ ከአንቺው አፍ ይስማ፤ በጽሑፍ አይሁን፤ ስለ ሌላውም ልጅ አንዳች አትንገሪው፤ ያ ያልጠየቀሽ ነገር ነውና። እርስዋም «እና ሁለቱንም ባጣ?» አለችኝ። ይህን ለመመለስ አፌን ብከፍትም ቃል አልመጣልኝም፤ ምክንያቱም ሊሆን ይችላል።

ለእናትዋም የነገርኋት መጻሕፍቱን እንዳትጥል ነው፤ ቢጣሉ ታሪኩ በስልኩ ውስጥ አለ፤ የሚቀረው ከልጅዋ ጋራ የምትነጋገርበት መንገድ ነው። ይልቅስ ረቡዕ ማታ አብረሻት ተቀመጪ አልኋት። «እኔ? በዚህ ዕድሜዬ?» አለች። በሚቀጥለው ረቡዕ ግን ሽንኵርቷን እየላጠች ከሳሎኑ በር ላይ ቆማ ስታይ አየኋት፤ ከዚያ በኋላ ባለው ደግሞ ወንበር ስባ ተቀምጣለች።

ከነሐሴ መጨረሻ በፊት ወደ አዲስ አበባ ተመለስሁ። ፊልሙ ያለቀው አዲሱ ዓመታችን ከገባ በኋላ ነው፤ በማግስቱም ስልክ ተደወለልኝ። መጀመሪያ የተናገረችው እናትዋ ናት። ጀረማያ እንደ ተበደለ፣ ያ ታላቁ ልጅ የወንድሙን እጮኛ መመኘቱ ነውር እንደ ሆነ፣ ሎረልም ልጅዋን ገና ከጥዋቱ ልትቈጣ ይገባት እንደ ነበረ በሰፊው አስረዳችኝ። ቀጥላም ስልኩን ለልጅቱ ሰጠቻት። ልጅቱ ስለ ፊልሙ ብዙ አልተናገረችም። ከሰንበት ትምህርት በኋላ ልጁን ለብቻው ጠርታ፣ በመኪና ማቆሚያው ዘንድ ቆመው፣ ራስዋ እንደ ነገረችው አወራችልኝ። ምንም አላጠፋህም ብዬዋለሁ አለች።

«ምን አለሽ?»

«እሺ አለ። ከዚያ ሄደ። እስካሁን ሰላም አይለኝም፤ ያኛውም ስለ እርሱ ብሎ አይለኝም።»

የእናትዋ ድምፅ ከበስተ ኋላ ሲያልፍ ይሰማኛል፤ ለእሑድ እነማን ለምሳ እንደሚመጡ እየቈጠረች ነው፤ የልጁንም ቤተ ሰብ ቈጠረቻቸው።